የባልቲክ ኮድ ዓሣ ያነሰው ገና ስላላደገ ነውን?

ጥያቄ፦ ወደ ስዊድን በመጣሁበት ዘመን ከባልቲክ ባሕር የሚወጣው ኮድ የተባለው ዓሣ የክንድ ያህል ነበር። በኋላ ገበያ ላይ የማየው ሁሉ እጅግ አነስተኛ ሆነ። አስጋሪዎቹ ጫጩቱን እያወጡት ነበርን? ማስገር ከተከለከለ በኋላስ ለምን አላገገመም?
(አንባቢ፣ ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያዩት ትንሽ ኮድ በአብዛኛው ጫጩት ሳይሆን ለመራባት የደረሰ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የምሥራቅ ባልቲክ ኮድ ለመራባት የሚደርሰው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲረዝም ነበር፤ ዛሬ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሞላው ይራባል።

የዓሣ ዕድሜ የሚነበበው በጆሮው ውስጥ ካለች ትንሽ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይዋ ዓሣው በኖረ ቁጥር በላይ በላይዋ እየተደረበ ታድጋለች። የባልቲክ ኮድ ዓመታዊ ቀለበቶች ደብዛዛ በመሆናቸው ተመራማሪዎች የየድርቡን ኬሚካላዊ ይዘት ይለካሉ። በጀርመን ኪል ከተማ የሚገኘው የጂኦማር የውቅያኖስ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከ1996 እስከ 2019 በቦርንሆልም ደሴት አካባቢ የተያዙ ኮዶችን እድገት በዚህ መንገድ አንብበው ከዘረመላቸው ጋር አነጻጸሩ፤ በ2025 የታተመው ውጤትም ፈጥነው የሚያድጉት ዓሦች ሊጠፉ መቃረባቸውን አሳየ። መረቡ ትንሹን እያሳለፈ ትልቁን ስለሚያስቀር፣ ቶሎ የሚያድገው ኮድ ዘር ሳይተካ ይያዛል፤ በትንሽነቱ የሚራባው ግን ተርፎ ባሕርዩን ለልጆቹ ያወርሳል። ምርጥ ምርጡን ኮርማ እያረደ ከሲታውን ለዘር የሚያስቀር ገበሬ መንጋው ቢያንስበት አይገርምም።

ጥፋቱን ሁሉ በመረብ ላይ መጫን ግን ትክክል አይሆንም። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ ጥልቁን ውኃ ኦክስጅን አሳጥቶታል፤ ግራጫ አቆስጣ ከሚባሉት የባሕር እንስሳት የሚተላለፍ ትልም የኮዱን ጉበት ይጎዳል።

የአውሮፓ ኅብረት በሐምሌ 2019 ማስገሩን አገደ። ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመታት በዘር የገባን ለውጥ አይመልሱም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ የትልልቆቹ እናቶች መጥፋት ነው፤ የእነርሱ እንቁላል ጨዉ አነስተኛ በሆነው በባልቲክ ውኃ ውስጥ ከትንንሾቹ እንቁላል በተሻለ ስለሚንሳፈፍ፣ ኦክስጅን ወደሌለበት ጥልቀት ወርዶ የመሞት ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ማስገሩ ዳግም ሲፈቀድ ደንቡ እንደ ቀድሞው ለትንሹ ብቻ ከለላ ከሰጠ፣ በእገዳው የተረፉትን ጥቂት ትልልቅ ኮዶች መረቡ ቀድሞ ይወስዳቸዋል።