መርከቡ በኳራንቲን ለቆመበት ዲመሬጅ ልክፈል?

ጥያቄ፦ አዳማ የሴራሚክና የሳኒተሪ ዕቃ መደብር አለኝ። ሁለት ኮንቴነር ዕቃ አስጭኜ ነበር። መርከቡ ጅቡቲ ሲደርስ የታመሙ ሠራተኞች አሉ ተብሎ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ከወደቡ ውጭ ባሕር ላይ ቆየ። አሁን ዕቃዬን የሚያስፈታልኝ ትራንዚተር ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) እና «የኳራንቲን ወጪ» ክፈል ይለኛል። ጥፋቱ የኔ ነው እንዴ? መርከቡንስ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ብር ከማውጣትዎ በፊት ኮንቴነሮቹ ከመርከብ የወረዱበትን ቀን ይወቁ። የኮንቴነር ዲመሬጅ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ዕቃው ከተራገፈ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጡት ነጻ ቀናትም ካለቁ በኋላ ነው። መርከቡ ቢጫ ባንዲራውን ሰቅሎ የጤና ፈቃድ ሲጠብቅ ሴራሚክዎ ገና ሆዱ ውስጥ ነበር። እነዚያ ቀናት በእርስዎ ላይ የሚታሰቡበት ምክንያት አይታየኝም። ትራንዚተሩ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደተቆጠረ በወረቀት ያሳይዎት። በስልክ ለተነገረ ሒሳብ እጅዎ ወደ ኪስ አይግባ። ዕቃው ከወረደ በኋላ ሰነዱ ባንክ ተኝቶ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በኳራንቲን ማሳበብ አያዋጣም።

«የኳራንቲን ወጪ» የተባለውም ይፈተሽ። ኢትዮጵያም ጅቡቲም የሚገዙበት የ2005 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ በጭነትና በኮንቴነር ላይ ለሚወሰድ የጤና እርምጃ አገሩ አንድ ታሪፍ ብቻ እንዲኖረው ያዛል። ታሪፉ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት የታተመ መሆን አለበት። ክፍያው ከአገልግሎቱ ትክክለኛ ወጪ መብለጥ የለበትም። ኮንቴነርዎ ካልተረጨ፣ ካልተመረመረ ምን ተደርጎለት ነው የሚከፈለው? የመርከቡ ሠራተኞች ምርመራ የመርከቡ ጣጣ ነው።

ክሱ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። የባሕር አጓጓዥን ኃላፊነት በሚወስኑት የ1924 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የሄግ ደንቦች «የኳራንቲን ገደብ» አጓጓዡን ከኃላፊነት ነጻ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። የ1952ቱ (ዓ.ም.) የባሕር ሕጋችንም የተቃኘው በዚያው መንፈስ ነው። አንዲት ቀዳዳ አለች። መርከብ የንጽህና ቁጥጥር ወይም ከቁጥጥሩ ነጻ የመሆን ምስክር ወረቀት ይይዛል። ወረቀቱ የሚያገለግለው ቢበዛ 6 ወር ነው፤ በአንዳንድ ሁኔታ አንድ ወር ይጨመርለታል። መርከቡ የቆመው በሽተኛ ስለተገኘ ሳይሆን ይህ ወረቀት ጊዜው ስላለፈበት ከሆነ፣ ያ የራሱ የአጓጓዡ ቸልተኝነት ነው፤ ያኔ እንነጋገራለን። በሄግ ደንቦች የክስ ጊዜው ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ አይዘናጉ።

ኢንሹራንስ አለኝ ብለው ከሆነ፣ የተለመደው የባሕር ጭነት ውል በመዘግየት የመጣን ኪሳራ አይሸፍንም። ብዙ ነጋዴ ይህን የሚያውቀው ከከሰረ በኋላ ነው።

ቢል ኦፍ ሎዲንግዎን (የጭነት ሰነድዎን) ያውጡና መድረሻው ላይ ምን እንደተጻፈ ይዩ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ካለ፣ ዕቃው የመጣው በመልቲሞዳል፣ ማለትም አንድ ኦፕሬተር ባሕሩንም የብሱንም በአንድ ውል በሚያጓጉዝበት መንገድ ነው ማለት ነው። (የአዳማ ሰው ኮንቴነሩ በደጁ አልፎ ሞጆ ሲገባ ቆሞ ማየቱ፣ ከዚያም ተመልሶ እዚያው ሄዶ መረከቡ ሁሌም ይገርመኛል።) እንዲህ ከሆነ ተጠያቂዎ በአዋጅ ቁጥር 548/1999 መሠረት የመልቲሞዳል ኦፕሬተሩ ነው፤ የውጭ አገር የመርከብ ባለቤት ፍለጋ አይንከራተቱ። ለኦፕሬተሩ ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፉ። መርከቡ የቆመበትን፣ ዕቃው የተራገፈበትንና ሞጆ የገባበትን ቀን ይጥቀሱ። የስሌቱን ዝርዝር ይጠይቁ። ዕቃውን ለማውጣት መክፈል ግድ ከሆነብዎትም፣ «መብቴን ጠብቄ የከፈልኩ» ብለው በጽሑፍ ያስታውቁና ግልባጩን ገቢ ተደርጎ ማኅተም የተደረገበት ይያዙ።