መርፌው እሑድ ለምን ተሰበረ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። በሚቀጥለው ወር ገዢው ድርጅት የሚልካቸው፣ የሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚመረምሩ ኦዲተሮች ይመጣሉ። አለቃዬ የእሑድ ሥራና ትርፍ ሰዓት የማይታይበት ሌላ የሰዓት መዝገብ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ሠራተኞቹ የሚመልሱትንም እንዳስጠናቸው ነግሮኛል። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይላል። እርስዎ ኦዲተር ነበሩና ይምከሩኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አለቃሽ በአንዱ ነገር አልዋሸም። ብዙዎች ያደርጉታል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ድርብ መዝገብ እንዳጋጠመኝ መቁጠር ትቻለሁ።

ግን ይታወቃል። አንድ ፋብሪካ ሄጄ የሰዓት መዝገቡ እንከን አልነበረውም። ሰው ሁሉ በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ ወጥቷል፤ እሑድ ማንም የለም። እስቲ የተሰበረ መርፌ መዝገብ አምጡልኝ አልኩ። መቼም ታውቂዋለሽ፤ መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ልብሱ ውስጥ ቀርቶ ለባሹን እንዳይወጋ ተለቅሞ ወረቀት ላይ ይለጠፋል፣ ቀኑም ይጻፋል። ሦስቱ የተሰበሩት እሑድ ነው። «ማን ሰበራቸው?» ብዬ ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

ማስጠናቱም ያው ነው። አምስት ሴቶችን ለየብቻ ጠይቄ አምስቱም «ትርፍ ሰዓት የምንሠራው በሙሉ ፈቃደኝነታችን ነው» ካሉኝ አላምንም። ማን ነው ስለ ገዛ ኑሮው በደብዳቤ ቋንቋ የሚያወራው?

ስለዚህ መዝገቡን አትሥሪው። ነገር ሲመጣ አለቃሽ «እኔ አላየሁም» ይላል፤ የእጅ ጽሑፉ ያንቺ ነው። ለእሱ ግን በሚገባው ቋንቋ ንገሪው። ትርፍ ሰዓት በዝቶ ሲገኝ ብዙ ገዢዎች የማስተካከያ ዕቅድ ጠይቀው ጊዜ ይሰጣሉ። የተፈበረከ መዝገብ ሲያገኙ ግን ትዕዛዝ እስከ ማቋረጥ ይሄዳሉ። ኤስኤ8000 የሚባለው የሠራተኞች አያያዝ ዓለም አቀፍ መስፈርት በሳምንት 48 መደበኛ ሰዓት፣ ቢበዛ 12 ትርፍ ሰዓት ይፈቅዳል። ትክክለኛውን ሰዓት አውጡና ከዚያ ምን ያህል እንደራቃችሁ እዩ።

ገዢውም ንጹሕ አይደለም። በመጨረሻ ሰዓት ቀለም ያስቀይርና የመላኪያውን ቀን ግን አይነካም። ከዚያ ለምን እሑድ ሠራችሁ ብሎ እኛን ይልካል! እነዚያን ኢሜይሎች አንድ ላይ ሰብስቢያቸው፤ ኦዲተሩ ሰዓቱ ከየት እንደመጣ ይይ።

አንድ ነገር ግን ለቀጠሮው ቀን አይቆይም። ሠራተኞቹ አጥኑ ከተባሉት ውስጥ «የአደጋ መውጫው ሁልጊዜ ክፍት ነው» የሚል አለ? ካለ ዛሬውኑ ሄደሽ በሩን ግፊው። ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ የነበረው አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ የኤስኤ8000 ሰርተፍኬት በተሰጠው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ መስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ ነበሩ፤ መውጫዎቹም ተቆልፈው ነበር። ያን ቀን ከሰማሁ ወዲህ የትም ፋብሪካ ስገባ ከወረቀቱ በፊት የምሄደው ወደ በሩ ነው።

አለቃሽ እምቢ ካለ ኦዲተሩን አናግሪው። አንቺም ሠራተኛ ነሽ፤ አለቃ በሌለበት ለብቻሽ ሊያነጋግርሽ ይገባል። ግን ቢሮ ውስጥ አይሁን፤ ስልክ ቁጥሩን ተቀበይና ከሥራ ስትወጪ ደውዪለት። ስምሽንም ሆነ የሥራ ክፍልሽን እንዳይጽፍ አስቀድመሽ ንገሪው። ብዙ ጊዜ የኦዲቱን ሒሳብ የሚከፍለው ፋብሪካው ነው፤ ሪፖርቱም አለቃሽ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።