መልስ፦ የጥናት ጽሑፌን ከየት ልጀምር?
ወንድሜ፣ ዳታውን ሰብስበህ ጨርሰህ መግቢያው ላይ ወር ሙሉ ተቸነከርኩ አልክ። ለጊዜው መግቢያውን ተወው! መጀመሪያ ዘዴውን ጻፍ፣ የሠራኸውን ስለምታውቀው አያስቸግርህም። ቀጥሎ ውጤቱን። መግቢያውና አብስትራክቱ (የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ።

ደግሞ «ብዙ እናቶች ለእርግዝና ክትትል ዘግይተው ይመጣሉ» አትበል። «ከ120 እናቶች 74ቱ ከአራተኛ ወር በኋላ መጡ» ዓይነት ይሁን፣ ያንተው ቁጥር ይናገር።

ዋቢዎችህን በእጅ አትልቀም። ዞተሮ የሚባለው ዋቢ የሚያደራጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ዛሬውኑ ጫነው፤ ያነበብከውን ሁሉ ከነገጽ ቁጥሩ እዚያ አስቀምጥ፣ አለበለዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትፈልግ ሌሊቱ ይነጋብሃል። ክፍያ የሚጠይቅ የጤና ጆርናል ከገጠመህ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ስለ ሂናሪ ጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የጤና ጆርናሎችን በነጻ እንዲያነቡ የከፈተው ፕሮግራም ነው።