መልስ፦ ካሚኒቶ ዴል ሬይ (ስፔን ውስጥ ገደል ላይ የተሰራው የእግር መንገድ) ስሄድ መኪናዬን የት ላቁም?

ኤል ቾሮ ባቡር ጣቢያው ጋ አቁማትና መጀመሪያ ወደ መግቢያው በኩል የሚወስደውን አውቶቡስ ያዝ። መንገዱ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ በሰሜን በአርዳሌስ በኩል ትገባለህ ኤል ቾሮ ትወጣለህ፣ ስለዚህ «ጨርሼ መኪናዬ ጋ እንዴት ልመለስ» ያልከው በዚህ ያልቃል።

ግን ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አውቶቡስ የምትሳፈርበት እንዳይመስልህ፣ መግቢያው ኬላ የምትደርስበት ነው። አውቶቡሱ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ከወረድክ በኋላ ደግሞ በአጭሩ መንገድ 1.5 ኪሎሜትር በረጅሙ 2.7 በእግርህ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሄጄ ላብ በላብ ሆኜ እየሮጥኩ ነው የደረስኩት፣ ሄልሜቱን ሲሰጡኝ እንኳን ማሰሪያውን መቆለፍ አቅቶኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢያንስ ሰዓት ተኩል ቀድመህ ኤል ቾሮ ድረስ፣ ሽንት ቤትም ቀድመህ ግባ፣ ውስጥ የለም።

ከፍታ የምትፈራ ከሆነ በሳንቃዎቹ ክፍተት ወደ ታች አትይ፣ ወንዙ 100 ሜትር ገደማ ታች ነው። ከስርህ አሮጌው መንገድ ተሰባብሮ ገደሉ ላይ እንደተለጠፈ ታየዋለህ፣ አንዳንድ ቦታ ብረቱ ብቻ ነው የቀረው (የኔን ጉልበት የከዳው እሱ ነው)።

ንፋስ ከበረታ ደግሞ ይዘጉታል፣ ጠዋት ሳትነሳ ቼክ አድርግ።