ከጨረር በኋላ ነጭ ነገር ከታየ፣ የትኛው ፔት ስካን?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ ጀርመን ውስጥ ለግሊዮማ (የአንጎል ዕጢ ዓይነት ነው) ጨረር ጨርሷል፤ ኤምአርአዩ ላይ አዲስ ነጭ ነገር ታየ፤ ፔት ስካን (የተወጋው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ የት እንደተከማቸ የሚያሳይ ምርመራ) ታዘዘለት። አንቺም «የትኛውም ዓይነት ፔት ቢነሳ ለውጥ አለው ወይ?» ብለሻል። በጣም አለው! ባለቤቴ በዚሁ መንገድ ስላለፈች ልንገርሽ።

1. ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት የሚወጋው መድኃኒት ምን እንደሆነ ጠይቂ። ማሽኑ አንድ ነው፤ ልዩነቱ መርፌው ላይ ነው። ለሌላው ካንሰር የተለመደው ኤፍዲጂ የስኳር ዓይነት ነው። ጤነኛው አንጎልም ስኳር በላተኛ ስለሆነ ዙሪያው ሁሉ ያበራል፣ ዕጢውም እዚያው ሊደበቅ ይችላል። ኤፍኢቲ ግን አሚኖ አሲድ ነው። ጤነኛው አንጎል ብዙም አይወስደውም፣ ዕጢ ግን ይስበዋል። ኤምአርአይ ብቻውን ዕጢው ተመለሰ ወይስ ጨረሩ የፈጠረው ጉዳት ነው የሚለውን ብዙ ጊዜ አይለይም። በተለይ ጨረር ባለቀ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ያላደገ ዕጢ ያደገ መስሎ ሊታይ ይችላል።

2. የክራንከንካሰውን (የጤና መድኅኑን) ጉዳይ ቀድመሽ ጨርሺ። እኛን ያንገበገበን ይሄ ነው። ሐኪሙ ኤፍኢቲ ብሎ ጽፎ ሳለ ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ «ፔት ያው ፔት ነው» ብላ ስልኩን ጆሯችን ላይ ዘጋችው። ኤፍዲጂው ተነሳ። ባለቤቴ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የአንጎል እብጠት መቀነሻ ስለምትወስድ የደም ስኳሯ ከፍ ብሎ ነበር፤ ይህም ምስሉን እንደሚያበላሽ ማንም ትንፍሽ አላለም። ውጤቱ «መለየት አልተቻለም» ሆነ። እስከዛሬ ያበሳጨኛል። የታመመ ሰው እንዲህ ይጉላላል?

ስለዚህ በስልክ «አይሆንም» ቢሉሽ እሺ አትበዪ፤ ውሳኔውን በጽሑፍ አስወጪ። ዊደርሽፕሩህ የሚሉትን ተቃውሞ ለማስገባት ደብዳቤው ከደረሰሽ ጀምሮ 1 ወር አለሽ። የእኛን በዚያ ስብርባሪ ጀርመንኛዬ ራሴ ጻፍኩት። ሐኪሙም ራኖ የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 አሚኖ አሲድ ፔትን የደገፈበትን ምክር አያያዘልን። ተፈቀደ!

ኤፍኢቲው ላይ ያ ቦታ እምብዛም አላበራም። ጭንቅላቷን በቀዶ ሕክምና ሊከፍቱ የነበሩት ሐኪሞች በኤምአርአይ እንከታተል አሉ፤ ከጊዜ በኋላ ነጩ ነገር እየቀነሰ ሄደ። ፔቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይቆርጥም፤ ናሙና እንውሰድ ካሉ አትደንግጪ።

ደግሞ በቀጠሮው ቀን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። የሚወጋው መድኃኒት የሚያመነጨው ጨረር በ110 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የዘገየ ሰው አይጠብቅም። የባቡሩን መዘግየት ታውቂዋለሽ። የተቃውሞ ደብዳቤውን ከፈለግሽ የባለቤቴን ስም አጥፍቼ በውስጥ እልክልሻለሁ።