ስለ ዮጋ ጠይቁ፦ ትንፋሽ ከተቆራረጠ ከልክ አልፋችኋል

መምህርት፦ እሺ፣ ተቀምጫለሁ፤ ጥያቄያችሁን እዚህ ጻፉ። ሐኪም አይደለሁም። ዮጋ አስተምራለሁ፣ ያውም ቀስ ያለውን። ማስጠንቀቂያዬን ታውቁታላችሁ፤ ግን እደግመዋለሁ፦ እየሠራችሁ ትንፋሻችሁ ከተቆራረጠ ከልክ አልፋችኋል። ከእንቅስቃሴው ቀስ ብላችሁ ውጡ።

እናት ከጀሞ፦ መምህርት፣ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ሆዴ አልገባ አለ። አንድ ጂም ውስጥ ዮጋ ጀምሬ ነበር። ፊት ለፊት ትልቅ መስታወት አለ። ሰዓቱን ሙሉ ሆዴን ስቤ ይዤ ቆይቼ ደክሞኝ ወጣሁ። ሆዴ እስኪገባ ልጠብቅ?

መምህርት፦ አትጠብቂ የኔ እናት። የደከምሽው በዮጋው አይደለም፣ ሆድ በመያዝ ነው። በደረትና በሆድ መካከል ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ። አየር ስትስቢ ወደ ታች ይወርድና ከሥሩ ያለውን ይገፋል፤ ሆድ የሚነፋው ለዚህ ነው። አፍነሽ ከያዝሽው መውረጃ ያጣል። ትንፋሹ ደረት ላይ ይቀራል፤ ሥራውን አንገትና ትከሻ ይረከባሉ። ከዚያ «ትከሻዬን ያዘኝ» እያልሽ ትመጫለሽ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ምንጣፍ ላይ በጀርባሽ ተጋደሚ። ባትሽን ወንበር ላይ ስቀይው። ጋቢ አጥፈሽ ከራስሽ ሥር አድርጊ። መቀነትም ላስቲክም ፍቺ። አንድ እጅሽን እምብርትሽ ላይ አሳርፊና ሆድሽ እጅሽን እስኪያነሳው ጠብቂ። አትግፊው፣ ራሱ ይመጣል። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ያፍራሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር! ራስን መቀበል ሲባል ሰው «ሆድሽን ውደጂው» የተባለ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አልልሽም። ለአሥር ትንፋሽ ብቻ ልቀቂው። ሌላው ቀስ እያለ ይከተላል።

አንድ ነገር ልጨምር። እምብርትሽ አካባቢ መሃል ለመሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ወይም ስታስነጥሺ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ ለሐኪም ወይም ለፊዚዮቴራፒስት አሳዪ። መስታወቱን ደግሞ ጀርባ ስጪው።

አንድ አባል፦ ዮጋ ቦርጭ ያጠፋል?

መምህርት፦ እኔ የማስተምረው ለዚያ አይደለም። በእግርህ ሂድ።

ሌላ አባል፦ ወገቤን ያመኛል፣ ምን ልሥራ?

መምህርት፦ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? ስትቀመጥ ነው ስትቆም? እንዲህ ተጠይቄ ምን ልመልስ? ሕመሙ ወደ እግርህ ከወረደ ወይም እግርህ ከደነዘዘ ሐኪም ጋ ሂድ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ግባ፤ እዚህ አትጻፍ።

ወንድም ከጎንደር፦ ይቅርታ፣ ግን ይሄ ነገር የሂንዱ አምልኮ አይደል እንዴ? ስግደት እያለን ምን አስሮጠን?

እህት ከደሴ፦ እኛም ሶላት አለን። ግን ሶላት ለአላህ ነው፣ ለወገብ አይደለም። ለወገቤ ብዘረጋጋ ምን አለበት?

ወንድም ከጎንደር፦ ስሙ ራሱ ከዚያው የመጣ ነው እኮ።

የታሪክ ተማሪ፦ የሚገርማችሁ ዮጋ የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የገባው እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ ነው፤ ኅዳር 2009 ዓ.ም.። የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ስብሰባ ነው።

እህት ከደሴ፦ መስቀልስ?

የታሪክ ተማሪ፦ እሱ ቀድሞ ነው፣ 2006። ጥምቀት 2012።

ወንድም ከጎንደር፦ ጥምቀት ያን ያህል የዘገየው ለምንድን ነው?

መምህርት፦ ቅርሱን ሌላ ቀን! ዮጋ የበቀለው በህንድ ሃይማኖቶች ውስጥ ነው፤ አልደብቅም። እኔ ክፍል ውስጥ ዝማሬም ጸሎትም የለም፤ ትንፋሽና መገጣጠሚያ ብቻ። ልብህ ካልፈቀደ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ እነሱ የሚሉህን ስማ። እኔ በዚህ አልከራከርም። ቀጣይ።

የባንክ ሠራተኛ፦ መምህርት፣ እኔ እንደ እንጨት ደርቄያለሁ። ጎንበስ ስል እጄ ጉልበቴን አያልፍም። 45 ዓመቴ ነው። አልረፈደም?

መምህርት፦ ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። ወለል መንካትን ማን ግዴታ አደረገው? የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራዎች የሚባለው ጥንታዊ የህንድ መጽሐፍ ከ190 በላይ አጫጭር አንቀጾች አሉት። ስለ አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። የሚሉትም የተረጋጋና የሚመች ይሁን ነው። እግርህን አንገትህ ላይ ጠምጥም የሚል የለበትም።

ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር የሚባል ህንዳዊ የዮጋ መምህር ነበር፤ ስሙን ብዙ ጊዜ አንስቼዋለሁ። በ1918 እ.ኤ.አ. ተወልዶ ልጅነቱን በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ ሲማቅቅ ያሳለፈ ሰው ነው። ዮጋ የጀመረው በዚያ በተጎዳ ገላ ነው። በኋላ ወንበር፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክና ገመድ ወደ ክፍል አስገባ። እጅህ ወለል ካልደረሰ ወለሉን ወደ እጅህ አምጣው ነው ነገሩ። 95 ዓመት ኖሯል። ዛሬ ወንበር ይዞ ዮጋ መሥራት የሚያፍር ሰው ሳይ እሱን አስባለሁ።

አንተ ይህን ሞክር። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፍ። መደገፊያውን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ኋላ ተራመድ። ጉልበትህን እጠፍ አድርግና ቂጥህን ወደ ኋላ ስደድ፤ ጀርባህ ይርዘም። ጭንቅላትህ በክንዶችህ መሃል ይሁን። አምስት ትንፋሽ። ታፋህ ከኋላ ቢወጠር ደህና ነው። የሚቆረጥም ወይም የሚወጋ ነገር ከተሰማህ ጉልበትህን ይበልጥ እጠፍ። ትንፋሽህ ከተቆራረጠስ? ታውቀዋለህ።

ሾፌር ከቨርጂንያ፦ እህቴ፣ በቀን 11 ሰዓት ኡበር እነዳለሁ። መኪና ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ?

መምህርት፦ እየነዳህ ምንም የለም። ስትቆም ውረድ፤ ሁለት እጅህን መኪናው ላይ አድርገህ አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዝ መሬት ላይ። ሰው የሚያበሳጭህ ከሆነ አራት ቆጥረህ ሳብ፣ ስድስት ቆጥረህ አውጣ። አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ዝግ ይላል። አየር አፍነህ አትያዝ፣ በተለይ ደም ግፊት ካለህ።

የተማሪ ልጅ፦ በጭንቅላት መቆም ስንት ወር ይፈጃል?

መምህርት፦ እኔ አላስተምርም።

የተማሪ ልጅ፦ ለምን? ሁሉም ይሠራዋል።

መምህርት፦ ይሥሩት። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው የዓይን ግፊቱ ይጨምርበታል፤ አንገትም ያን ክብደት ለመሸከም አልተሠራም። ጥያቄው አልቋል።

ስለ እናቷ የምትጠይቅ፦ እናቴ 70 አልፋለች። አጥንቷ እንደሳሳ ሐኪም ነግሯታል። ዮጋ ይሆናታል?

መምህርት፦ ሐኪሟ ከፈቀደ በወንበር። ጀርባዋን አጉብጣ ወደ ፊት እንዳትታጠፍ፤ የሳሳ አከርካሪ በዚያ ሊሰበር ይችላል። ከወንበር ተነሺ ተቀመጪ ብትያት በቂ ነው፤ ከጎኗ ቁሚ።

ከቤይሩት፦ እትዬ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። የራሴ የምለው ቦታ የለኝም። ማታ እግሬ ያብጣል።

መምህርት፦ እህቴ፣ ሰፊ ቦታ አያስፈልግሽም። ልብስ ስትተኩሺ ጉልበትሽን ወደ ኋላ አትቆልፊው፤ ትንሽ ለቀቅ አድርጊው። ክብደትሽን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዘዋውሪ። ማንም የማያይሽ እንቅስቃሴ ነው። ተረከዝሽን አሥር ጊዜ አንሺ፤ ባት ሲጨመቅ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ማታ ስትተኚ እግርሽን ግድግዳ ላይ ስቀዪ። አንደኛው እግር ብቻ ካበጠና ካመመሽ ግን ዮጋውን ተዪው፤ መታየት አለብሽ፣ ለአሠሪሽ ንገሪ። የምትተኚበት ፍራሽ ካለ የዮጋ ቦታሽ እሱ ነው።

ከቤይሩት፦ ኩሽና ውስጥ ነው የምተኛው።

መምህርት፦ ኩሽናም ግድግዳ አለው የኔ ቆንጆ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሌላም እናወራለን።

ጿሚ፦ እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ ብሠራስ?

መምህርት፦ ቀላል ቀላሉን። ከተጋደምክበት ስትነሳ በጎንህ ዙር፣ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ ተነሳ።

ሌላ አባል፦ ምንጣፉ ከየት ይገዛል? ደግሞ ቦርጭ…

መምህርት፦ ጋቢ ለመጋደም ይበቃል፤ ቆመህ የምትሠራ ከሆነ ግን ያንሸራትታል፣ ባዶ እግርህን ሁን። ቦርጭን ከላይ አንብብ።

የባንክ ሠራተኛ፦ መምህርት፣ አሁን ሞከርኩት። ጀርባዬ ደስ አለው፤ ግን ወንበሩ እየሸሸ ያስቸግረኛል።

መምህርት፦ ጎማ አለው?

የባንክ ሠራተኛ፦ የቢሮ ነው። አዎ።

መምህርት፦ ልቀቀው! ግድግዳ አስደግፍ አላልኩም? ሂድና የእንጨት ወንበር ፈልግ።