መልስ፦ በያይነቱ እየበሉ ክብደት ስላለመቀነስ

ሥጋና ቅቤ ትተው፣ ደሴ በሥራ ቦታዎ አካባቢ የጾም በያይነቱ ብቻ እየተመገቡ ክብደትዎ ለምን እንዳልቀነሰ ጠይቀዋል። ዋናው ምክንያት ዘይቱ ይመስለኛል። 1 ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲይዝ፣ 1 ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች የሚይዘው 4 ገደማ ስለሆነ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በምስር ወጡ ጠርዝ ላይ ቀይ ዘይት ተንሳፎ፣ ከጎመኑና ከድንቹ ሥር ያለው እንጀራም ርሶ ካዩ፣ በትሪው ላይ ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ዘይት ቢኖር አያስደንቅም፤ ያንን የራሰ እንጀራ ደግሞ ስለሚጣፍጥ በመጨረሻ ጠርገን እንበላዋለን። ሱፍ ፍትፍትም ቢሆን ፍሬው ራሱ ቅባታም ነው። ስኳር የተጨመረበት የአቮካዶ ጭማቂ ካስከተሉበት፣ እንደ ሁለተኛ ምሳ ይቁጠሩት።

ምስርና ሽሮን እንዲተዉ ግን በፍጹም አልመክርም፤ ፕሮቲናቸው ያስፈልግዎታል። ወጡ በጠዋት በትልቅ ድስት ስለሚሠራ «ዘይት ቀንሱልኝ» ማለት ብዙም አይረዳም፤ ሽሮው ግን ብዙ ጊዜ ሲታዘዝ ስለሚሠራ ለአስተናጋጁ አስቀድመው ይንገሩ፣ ጭማቂውንም ያለ ስኳር ይዘዙ።